በሲያትል የስኳር ሕሙማን የዓይን ሕክምና ወጪ እንዴት ይቀንሳል?

የስኳር ሕመም ዓይንን የሚጎዳው ብዙውን ጊዜ ሳያሳምም ነው። በደም ውስጥ ያለው የስኳር መጠን ለዓመታት ከፍ ብሎ ሲቆይ፣ ከዓይን ጀርባ ብርሃን የሚቀበለው የሬቲና ቀጫጭን የደም ሥሮች ይዳከማሉ፤ ፈሳሽና ደምም ያፈሳሉ። ታማሚው ብዥታ ሲጀምረው ጉዳቱ ሥር ሰዶ ሊገኝ ይችላል። ዓይንን በየዓመቱ መመርመር የሚመከረው በዚሁ ምክንያት ሲሆን፣ ሒሳቡን በመፍራት ምርመራውን ማራዘም ግን ለዓይነ ስውርነት ይዳርጋል።

ወጪውን የሚያንረው በዋናነት ወደ ዓይን የሚወጋው መድኃኒት ነው። እ.አ.አ በ2015 ዋጋ ላይ የተመሠረተ የአሜሪካ የንጽጽር ጥናት የአንዱን መርፌ ዋጋ ለአይሊያ 1,850፣ ለአቫስቲን ደግሞ 60 ዶላር ገደማ አድርጎ አስቀምጦታል። በመጀመሪያው ዓመት ዘጠኝ ወይም አሥር መርፌ ሊያስፈልግ ስለሚችል፣ በጊዜው ዋጋ አንደኛው ከ16 ሺህ ዶላር በላይ ሲያስወጣ ሌላኛው ከ600 ዶላር አያልፍም ነበር። አቫስቲን የረከሰው በመጀመሪያ ለአንጀት ካንሰር የተሠራ በመሆኑና ፋርማሲዎች አንዱን ብልቃጥ ለብዙ ዓይን ስለሚያከፋፍሉት ነው።

ርካሹ መድኃኒት ታዲያ ይሠራል? የእይታቸው መቀነስ መጠነኛ በሆነ ታማሚዎች ላይ በመድኃኒቶቹ መካከል ጉልህ ልዩነት አልታየም፤ እይታቸው ይበልጥ በደከመባቸው ላይ ግን በመጀመሪያው ዓመት አይሊያ ብልጫ አሳይቷል። በ2022 የወጣ ሌላ ጥናት በአቫስቲን ጀምሮ፣ ካልበቃ ብቻ ወደ አይሊያ መሻገር ከሁለት ዓመት በኋላ ተመጣጣኝ እይታ እንዳስገኘ አመልክቷል። እርግጥ ነው፣ በአቫስቲን ከጀመሩት ዓይኖች 70 በመቶው በመጨረሻ ወደ ውዱ ተሸጋግረዋል። እንዲያም ሆኖ «በአቫስቲን መጀመር እችላለሁ?» ብሎ ሐኪምን መጠየቅ ተገቢ ጥያቄ ነው።

መድኃኒቱ ውድ ቢሆንም ሒሳቡ ሁልጊዜ በታማሚው ላይ አይወድቅም። ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ የዋሽንግተን ግዛት ነዋሪዎች አፕል ኸልዝ የተባለው የመንግሥት የጤና መድን አለ። ከዚህ በተጨማሪ ከሐምሌ 2022 ጀምሮ የተስፋፋው የግዛቱ «ቻሪቲ ኬር» ሕግ፣ የቤተሰብ ገቢያቸው ከፌዴራሉ የድህነት መለኪያ ከ300 በመቶ ያልበለጠ ሰዎች በትልልቅ ሆስፒታሎች የሚደርስባቸው ድርሻ ሙሉ በሙሉ እንዲሰረዝ ያዛል። እስከ 400 በመቶ ለሚደርሱትም የዋጋ ቅናሽ አለ። መድን ያለው ሰውም መድኑ ያልሸፈነለትን ቀሪ ሒሳብ ይዞ ማመልከት ይችላል፤ የክፍያ ደብዳቤው ከደረሰ በኋላም ቢሆን አልረፈደም።

አንድ ነገር ግን ልብ ሊባል ይገባል። ሕጉ የሚያስገድደው ሆስፒታሎችን ነው፤ በግል የዓይን ክሊኒክ የሚታከም ሰው ቅናሽ መኖር አለመኖሩን መርፌው ከመሰጠቱ በፊት ማረጋገጥ አለበት። በሲያትል የሚገኘውና የኪንግ ካውንቲ ንብረት የሆነው ሃርበርቪው ሆስፒታል የዓይን ሕክምና ይሰጣል፤ በ1994 በዚያው የተመሠረተው ኤትኖሜድም በአማርኛ የጤና መረጃዎችን ያቀርባል። ቀጠሮ ሲያዝ የአማርኛ አስተርጓሚ መጠየቅ ይቻላል፤ ለዚህም ታማሚው አይከፍልም።