ጀሶና ጂፕሰም

አማርኛ ለአንድ ነጭ ዱቄት ሁለት ስም አለው፤ አንዱ የርካሽ፣ ሌላው የውድ። ሰው እግሩ ሲሰበር የሚታሰርለት ጀሶ ነው። ከጤፍ ዱቄት ጋር ተቀላቅሎ ተያዘ ተብሎ ዜና የሚነገርበትም ጀሶ ነው። ያው ነገር ሳሎን ገብቶ ጣሪያ ላይ በሁለት ደረጃ ሲሠራና ጉያው ውስጥ መብራት ሲደበቅበት ግን ጂፕሰም ይባላል፤ ዋጋውም አብሮ ይወጣል። ዘመን መለወጫ ሲቃረብ ቤቱን የሚያሳድስ ሰው «የዘንድሮ ዲዛይን ምንድን ነው?» ብሎ ሲጠይቅ ባለሙያው ከስልኩ ላይ ፎቶ የሚያሳየው ይሄንን ነው። «ጀሶ ልሥራልህ» ቢለው ደንበኛው የሚሸሽ ይመስለኛል።

ሁለቱ ቃላት ግን አንድ ናቸው። ግሪኮች ጊፕሶስ ይሉት ነበር፤ ላቲን ወስዶ ጂፕሱም አለው። ጣሊያንኛ የላቲኑን ቃል አላልቶ ጄሶ አደረገው፤ እንግሊዝኛ ደግሞ የላቲኑን እንዳለ ያዘው። ጀሶ ከጣሊያን ግንበኛ ጋር መጣ፤ ጂፕሰም ከእንግሊዝኛው የግንባታ ቋንቋ ጋር ዘግይቶ ገባ። ግሪኮቹም ቢሆኑ ቃሉን ከሴማውያን ሳይወስዱት አልቀሩም ይባላል፤ በአካድኛ ጋጹ የሚል ቃል አለ። እንዲህ ከሆነ ከአማርኛ ዘመዶች ዘንድ ወጥቶ አውሮፓን ዞሮ፣ በሁለት በር ተመልሶ ገብቷል ማለት ነው።

የጣሊያንኛው በር ሰፊ ነበር። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ከነበረው ወረራ በፊትም ሆነ በኋላ ግንበኛውም አናጢውም ከጣሊያን ባለሙያዎች ጋር ሲሠራ የዕቃውን ስም እንደሰማው ያዘ። ሲሚንቶ ወለል ተወልውሎ ሲያበራ «ሊሾ» የምንለው ሊሾ በጣሊያንኛ «ልስልስ» ማለት ስለሆነ ነው። ጣውላ ከታቮላ ነው፤ ለእነሱ ታቮላ ጣውላም ጠረጴዛም ነው፤ እኛ እንጨቱን ብቻ አስቀረን። የአልጋ ራስጌ ትንሽ መሳቢያ ኮመዲኖ ይባላል፤ ኮሞዲኖ ነው፣ ሥሩም ላቲን «ምቹ» የሚልበት ቃል ነው። የእጅ መታጠቢያው ላቫንዲኖ ሳይነካ እንዳለ አለ።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ኮርኒስ ነው። ጣሊያን ኮርኒቼ፣ ፈረንሳይ ኮርኒሽ፣ እንግሊዝ ኮርኒስ የሚሉት ግድግዳና ጣሪያ የሚገናኙበትን የዳር ጌጥ ነው፤ ወጣ ብሎ የሚታይ ክፈፍ። በአማርኛ ቃሉ ከዳር ተነሥቶ መሐሉን ሁሉ ያዘና ከጣሪያው ሥር ያለው ሽፋን በሙሉ ኮርኒስ ሆነ። ለምን? የሣር ክዳንም ሆነ የቆርቆሮ ቤት ከውስጥ ሲያዩት ወራጁና ማገሩ ይታያል፤ የሚሸፍን ነገር ስላልነበረ ስምም ያስፈለገው አይመስለኝም። ሽፋኑ ሲመጣ ስም ፈለገ፤ ቅርብ የተገኘው የባዕዱ ቃል ተለጠፈበት። ደሀው ደግሞ አቡጀዲ ወይም ማዳበሪያ ከረጢት ወጥሮ እሱንም ኮርኒስ አለው። በእኔ ዓይን የጨርቁ ኮርኒስ ከቃሉ የአውሮፓ ትርጉም ይልቅ ለአማርኛው የቀረበ ነው፤ ጂፕሰሙም የሚተካው እሱን ነው።

ወደ መቀመጫ እንምጣ። የሶፋ ፋሽን በየዓመቱ ይለዋወጣል፤ ባለ እጀታው፣ ባለ ጥግ ኤል ሼፑ፣ አሁን ደግሞ ወለል ላይ ዝቅ ብሎ ግድግዳውን ዙሪያውን የሚይዘው የዐረብ መጅሊስ። ሶፋ የሚለው ቃል መነሻ የዐረብኛው ሱፋ ነው፤ ምንጣፍና ትራስ የሚነጠፍበት፣ ከወለሉ ከፍ ያለ መደብ። መዲና ላይ በነቢዩ መስጊድ ጥላ ሥር የተጠለሉት ድሆች ሰሓቦች፣ የነቢዩ ባልደረቦች፣ «የሱፋው ሰዎች» የተባሉት ከዚያ ነው። ቱርክኛው ያዘው፣ ጣሊያንኛና ፈረንሳይኛ ወሰዱት፣ እግርና ስፕሪንግ አወጣ፣ ከዚያም ወደ እኛ መጣ። አያቶቻችን በጭቃ ሠርተው፣ በኖራ ወይም በአመድ ለስነው፣ ቆዳ ያነጠፉበት መደብ ግን ያው ሱፋ ነበር። የጥግ ሶፋ ገዝቶ መደቡን ያስፈረሰ ሰው ያፈረሰው ነገር ዋናው ነው፤ የገዛው ቅጂው።

መጅሊስ ደግሞ የትርጉም ዘመድ አለው። ዐረብኛ ጀለሰ ሲል ተቀመጠ ማለት ነው፤ መጅሊስ የመቀመጫ ቦታ ነው፣ ከዚያም አብረው የሚቀመጡ ሰዎች ጉባኤ። ግእዝ ደግሞ ነበረ ይላል፤ ተቀመጠ። መንበር መቀመጫ ነው፤ ከዚያም ሥልጣን፣ ሊቀመንበርም። አማርኛ መንበርን ለመቅደሱና ለፖለቲካው ትቶ፣ «መ»ን ወደ «ወ» ለውጦ ለቤቱ ወንበር አለው። የዱሮ ችሎት ከዳኛው ጋር የሚሰየሙትንም «ወንበር» ይላቸው ነበር፤ ሰውየው በተቀመጠበት ተጠራ። ነበረ ግን ከመቀመጥ ወጥቶ ያለፈ ነገር መግለጫ ሆነ፤ ሲሳሳም ኖረ ሆነ፤ ከእሱም ኑሮ ወጣ። ስለዚህ ወንበር፣ መንበር፣ ነበርና ኑሮ የአንድ እናት ልጆች ናቸው።

እዚህ ላይ ብድሩ በተቃራኒው አቅጣጫም ሄዷል። የመስጊዱ ሰባኪ የሚወጣበት ሚንበር የግእዙ መንበር ነው ሲሉ ቴዎዶር ኖልደከን የመሳሰሉ የሴማዊ ቋንቋ ሊቃውንት ጽፈዋል፤ ዐረብኛ ነበረን ለመቀመጥ አያውለውምና። ቁርኣን በሱረቱ ኑር 35ኛው አንቀጽ ላይ መብራት የሚቀመጥበትን የግድግዳ ጉድጓድ ሚሽካት ይለዋል፤ ይህም ከግእዙ መስኮት የሄደ ነው። «አማርኛ በባዕድ ቃል ተበከለ» እያለ የሚያዝን ሰው ሲገጥመኝ እነዚህን ሁለቱን እቆጥርለታለሁ። ካልበቃውም ጠረጴዛ አለ። ትራፔዛ፣ ባለ አራት እግር፣ ግሪክኛ ነው፤ ጠ እና ጴ በአንድ ቃል መገናኘታቸው እንደ ጴጥሮስ በቤተ ክርስቲያን መንገድ የገባ የግሪክ ስም መሆኑን ይመሰክራል። ማን ነው ዛሬ ጠረጴዛን ባዕድ የሚለው?

ቡፌ አልቀናውም። ፈረንሳይኛው መጀመሪያ ዕቃ ማስቀመጫው ሣጥን ነበር፣ ኋላ ላዩ ላይ የሚደረደረው ምግብ። አማርኛ ሁለቱንም ተቀበለ፦ በየሳሎኑ ብርጭቆና ቴርሞስ የሚታይበት ባለ መስተዋት ቡፌ ነበር፤ በየሠርጉ ደግሞ ቡፌ ይነሣ ነበር። ሣጥኑን የቴሌቪዥን ማስቀመጫው አባረረው፤ ምግቡ ብቻውን ቀረ። ቡፌ የቤት ዕቃ ነበር ቢሉት የሚስቅ ልጅ ዛሬ አይጠፋም።

የቀረው ቀለም ነው። ግሪክኛው ካላሞስ ሸምበቆ ነው፤ ሸምበቆው ተቀርጾ ብዕር ሆነ፣ ዐረብኛውም ቀለም ሲል እስከ ዛሬ ብዕር ማለቱ ነው። ግእዝ ከብዕሩ ወደሚጠቅሰው ጥቁር ነገር አሻገረውና ቀለም አለው፤ መልኩን የሚለው በሌላ ቃል፣ ኅብር ብሎ ነው። አማርኛ ግን ቀለምን ለትምህርቱም ለመልኩም ለቆርቆሮው ባልዲም ሰጠ፤ ስለዚህ ግድግዳ የሚቀባው ሠራተኛና ብራና የሚጽፈው ደብተራ በአንድ ቃል ያድራሉ።

ከእ.ኤ.አ. 2000 ጀምሮ በየዓመቱ «የዓመቱ ቀለም» እየመረጠ የሚያውጀው የአሜሪካው ፓንቶን ለ2025 የመረጠው ሞካ ሙስ የሚባል ቡኒ ነበር። ሞካ የየመን ወደብ ናት፤ በ17ኛው መቶ ዘመን የዓለም ቡና በእሷ በኩል ይወጣ ነበር፤ ከቀይ ባሕር ማዶ፣ ከእኛ በኩል የሄደውም ጭምር የእሷን ስም ይዞ አውሮፓ ገባ። ዐረብ ቡኒ ሲል «የቡን መልክ ያለው» ማለቱ ነው፤ እኛም መልኩን ቡኒ እንለዋለን። ሞካ ብለው ቀለም ሲሸጡልን የሚሸጡልን የገዛ ቡናችንን መልክ ነው፤ «ሞካ ከለር አለህ?» ብሎ ሱቅ የሚጠይቅ ሰው ቡኒ ቢሰጡት ይከፋዋል።

ለ2026 የተመረጠው ደግሞ ክላውድ ዳንሰር ነው፤ «የደመና ጨፋሪ» እንደማለት። ስሙ ሲፈታ ነጭ ነው፣ ለስለስ ያለ ነጭ። ለዚህ አማርኛ ኖራ የሚል ቃል አለው፤ ዐረብኛውም ኑራ ይላል፤ ከላይ ካየነው ኖረ ጋር ግን ዝምድና የለውም። የጎንደር ግንቦች ድንጋይ የተያያዘው በኖራ ነው፤ የገጠሩም ቤት ዐቅም ሲኖረው የሚለሰነው በእሱ ነው። ኖራ ዛሬም በየሕንፃ መሣሪያ ሱቁ በከረጢት ይሸጣል፤ የደመና ጨፋሪውን ያህል አያስከፍልም።