የቴሌኮሙኒኬሽን መስመር ሠራተኛ

የቴሌኮሙኒኬሽን መስመር ሠራተኛ (በተለምዶ ላይንማን) የስልክና የኢንተርኔት ኬብሎችን በምሰሶ ላይ፣ በመሬት ውስጥና በሕንፃ ውስጥ የሚዘረጋ፣ ብልሽት ሲደርስም ፈልጎ የሚጠግን ባለሙያ ነው። ብዙ ጊዜ ከጥገናው ይልቅ ብልሽቱ ያለበትን ቦታ ማግኘት ይከብዳል።

ታሪክ

ሙያው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከቴሌግራፍ ጋር ተጀመረ። በኢትዮጵያ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1894 ከሐረር እስከ አዲስ አበባ 477 ኪሎ ሜትር የሚሆን መስመር መዘርጋት ተጀመረ።

ዝርጋታ

በምሰሶ ላይ የቴሌኮም ኬብል ከኤሌክትሪክ ሽቦ በታች ራቅ ብሎ ይታሰራል። ከመጠን በላይ ከተወጠረ በብርድ ጊዜ ሲኮማተር ሊበጠስ ይችላል፤ በጣም ከላላ ደግሞ ከፍ ያለ ጭነት የያዘ መኪና ይጎትተዋል። በመሬት ውስጥ ኬብሉ በቱቦ ይገባና በማንሆሎች ውስጥ ይቀጠላል። ለወደፊት ጥገና እንዲሆን ትርፍ ኬብል እዚያው ተጠቅልሎ ይቀመጣል።

ብልሽት ፍለጋ

የመዳብ ስልክ መስመር ሁለት ሽቦዎች አሉት፤ ስልኩ ሳይነሣ በመካከላቸው 48 ቮልት ገደማ ይለካል። የተለመዱት ብልሽቶች የሽቦ መበጠስ፣ የሁለቱ ሽቦዎች መነካካትና ከመሬት ጋር መገናኘት ናቸው። ውኃ ኬብል ውስጥ ሲገባ መስመሩ ይንጫጫል፤ ስለዚህ በክረምት ብልሽት ይበዛል።

በፋይበር መስመር ላይ ኦቲዲአር የሚባል መሣሪያ የብርሃን ምት ልኮ ተመልሶ እስኪመጣ የፈጀውን ጊዜ ይለካል። ብርሃን በመስታወት ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ ከ20 ማይክሮ ሰከንድ በኋላ የተመለሰ ምት ብልሽቱ 2 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ መሆኑን ያሳያል። መሣሪያው የሚለካው የፋይበሩን ርዝመት እንጂ የመንገዱን አይደለም። የተጠቀለለው ትርፍ ኬብል በትክክል ካልተመዘገበ ቆፋሪዎች የተሳሳተ ቦታ ይቆፍራሉ።

የፋይበር ቅጥያ

የፋይበሩ መስታወት ውፍረት 0.125 ሚሊሜትር ነው። ሠራተኛው ልባሱን ገፎ በአልኮል ያጸዳዋል፤ ጫፉንም ቀጥ አድርጎ ይቆርጠዋል። ከዚያም ሁለቱን ጫፎች በኤሌክትሪክ ብልጭታ አቅልጦ ያገናኛል፤ ቅጥያውንም በመከላከያ ቱቦ ይሸፍናል። ስብርባሪው ቆዳ ውስጥ ሊቀር ስለሚችል ለብቻው ይሰበሰባል። በፋይበሩ የሚያልፈው ብርሃን በዓይን ስለማይታይ ጫፉን ቀርቦ ማየት ክልክል ነው።

አደጋና ጥንቃቄ

ሠራተኛው የእንጨት ምሰሶ ላይ ከመውጣቱ በፊት በመዶሻ ይመታዋል፤ ባዶ ድምፅ ከሰጠ ውስጡ በስብሶ ሊሆን ይችላል። የወደቀ የኤሌክትሪክ ሽቦ የነካው የስልክ ገመድ ገዳይ ስለሚሆን፣ ኃይሉ መቋረጡ ሳይረጋገጥ አይነካም።

ማንሆል ውስጥ መርዛማ ወይም ተቀጣጣይ ጋዝ ሊጠራቀም፣ ኦክስጅንም ሊያንስ ይችላል። አየሩ ከመግባት በፊት በመሣሪያ ይለካል፤ አንድ ሰው ደግሞ ውጭ ሆኖ ይጠብቃል። የገባው ሰው ራሱን ቢስት ጠባቂው ተከትሎ መግባት የለበትም፤ በማዳኛ ገመድ ከውጭ ይጎትተዋል፣ እርዳታም ይጠራል። በጠባብ ቦታ ከሚሞቱት ብዙዎቹ የወደቀ ጓደኛቸውን ለማዳን የገቡ ናቸው።