ሞረድ የያዘ እጅ

ሰንጋ ተራ ስሙ የከብት ነው፤ በአጠገቡ ግን አንድ የእጅ ታሪክ አለ። ከሰፈሩ ብዙም ሳይርቅ፣ በሜክሲኮ አደባባይ አቅራቢያ የሚገኘው ተግባረ ዕድ ትምህርት ቤት የተቋቋመው በ1934 ዓ.ም. ነው። ጠላት ከአገር ከወጣ ገና ዓመት ያህል ቢሆነው ነው። የግዕዙ ስም ሲፈታ «የእጅ ሥራ» ማለት ነው። በዚያን ዘመን ይህን ስም በትምህርት ቤት በር ላይ መጻፍ ቀላል ነገር አልነበረም።

ብረት የሚነካ እጅ በአገራችን የተናቀ ነበርና። ገበሬው በማረሻው ያርሳል፤ ጌታው በጎራዴው ይኮራል፤ እመቤቲቱ በጌጧ ታምራለች፤ ሠሪው ግን ጠይብ፣ ቡዳ ይባላል። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት ዐዋጅ ባለሙያን በሥራው መስደብን ከለከሉ። ስድቡ ግን ከዐዋጁ በኋላም ብዙ ዘመን ኖሯል።

ለመሆኑ ሞራጅና ወልዋይ ምን ይሠራል? ብረቱ ከእሳት ወይም ከመጋዝ ሲወጣ ሻካራ ነው። በሞርሳ ይታሰራል፤ መጀመሪያ በሻካራ፣ ቀጥሎ ጥርሱ በደቀቀ ሞረድ ይሞረዳል፤ ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት ይታሻል፤ በመጨረሻ በጨርቅ ይወለወላል። ሞረድ የሚበላው ወደ ፊት ሲገፋ ነው፤ ሲመለስ ከተጫኑት ጥርሱ ይዶለዱማል። የጀማሪ እጅ ስለሚወዛወዝ ጠርዙን ይበላና መሐሉን ጉብ ያደርገዋል።

ይህ ሙያ አንድ ክፉ ዕጣ አለው። አናጢ መጋጠሚያውን፣ ሸማኔ ጥለቱን ያሳያል፤ ወልዋይ የሚመሰገነው ግን የእጁ ምልክት ፈጽሞ ሲጠፋ ነው።

ዕጣው የእኛ ብቻም አይደለም። የቢላና የሹካ ከተማ በነበረችው በእንግሊዝ አገር ሸፊልድ፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሹካ በደረቅ ድንጋይ የሚስሉ ሠራተኞች የድንጋይና የብረት ብናኝ እየሳቡ፣ ሳንባቸው ተጎድቶ በለጋ ዕድሜያቸው ይሞቱ ነበር። በማዕድ ዙሪያ የተቀመጠው ሰው ያየው የሹካውን ማብረቅረቅ ነው።

ዛሬ በሰንጋ ተራ ረጃጅም ሕንፃዎች ቆመዋል። የደረጃቸውን የብረት መደገፊያ ይዘን ስንወጣ መዳፋችንን የሚቧጥጥ ነገር ከሌለ፣ የብየዳውን ጠባሳ ፈጭቶ ያለሰለሰ ሰው ስለነበረ ነው። ስሙ በዚያ የለም። ተግባረ ዕድ የሚለው ስም ግን ከጎን ሆኖ ያስታውሰዋል።