አዲስ ዕቃ ተገጥሞለት በድንገት የሚጠፋ ኮምፒውተር፦ የችግሩን ምንጭ በቅደም ተከተል መለየት

ለጌም መጫወቻ የሚያገለግል ኮምፒውተር አቅሙ እንዲጨምር ተጨማሪ ራም፣ አዲስ ግራፊክስ ካርድ ወይም አዲስ ፕሮሰሰር ይገጠምለታል። ከተገጠመለት በኋላ ግን አንዳንድ ጊዜ ከቀድሞው የባሰ ኾኖ ይገኛል። ጨዋታው በመሐል ይቋረጣል፤ ሰማያዊ ስክሪን ይወጣል፤ ኮምፒውተሩ በራሱ ጠፍቶ ይነሣል፤ ወይም ሜሞሪ አልበቃም የሚል መልእክት ይታያል። በዚህ ጊዜ መልእክቱን አምኖ ሌላ ራም መግዛት የተለመደ ነው። የችግሩ ምንጭ ሌላ ከኾነ ግን ገንዘቡ ይባክናል እንጂ ኮምፒውተሩ መጥፋቱን አይተውም።

ጉዳዩ ከጨዋታም ያልፋል። የጌም ኮምፒውተር ጉልበት ያለው በመኾኑ ቪዲዮ ለማቀናበር፣ ፎቶ ለማዘጋጀትና የሱቅ ሂሳብ ለመያዝም ይውላል። የተበላሸ ራም ደግሞ በውስጡ የሚያልፈውን መረጃ ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ሊያዛባ ይችላል። ስለዚህ ከፍተሻው በፊት አዲሱን ዕቃ አውጥቶ፣ ኮምፒውተሩ በነባሩ ዕቃ ሲነሣ አስፈላጊ ፋይሎችን ወደ ሌላ ዲስክ መገልበጥ ይገባል። ከዚህ በፊት የተቀመጠ ቅጂ ካለም በላዩ ላይ መጻፍ አይገባም፤ አዲሱ ቅጂ የተዛባ ኾኖ ቢገኝ መመለሻ የሚኾነው የቀድሞው ነው።

አንድ ስም፣ ሦስት ነገር

ሜሞሪ የሚለው ቃል በኮምፒውተር ውስጥ ሦስት የተለያዩ ነገሮችን ይጠራል። የመጀመሪያው ማዘርቦርዱ ላይ የሚሰካው ራም ነው። ሁለተኛው በግራፊክስ ካርዱ ውስጥ የሚገኘውና የጨዋታውን ምስል የሚይዘው የቪዲዮ ሜሞሪ ነው። ሦስተኛው ራም ሲሞላ ዊንዶውስ ከዲስኩ ላይ ቆርጦ የሚጠቀምበት ቦታ ሲኾን ቨርቹዋል ሜሞሪ ይባላል።

በመኾኑም ሜሞሪ አለቀ የሚል መልእክት ሁልጊዜ ራም አነሰ ማለት አይደለም። ዲስኩ ከሞላ ወይም ቨርቹዋል ሜሞሪው በእጅ ተዘግቶ ከኾነ፣ ራሙ ገና ሳይሞላ መልእክቱ ሊወጣ ይችላል። መፍትሔውም ዲስኩ ላይ ቦታ ማስለቀቅና የቨርቹዋል ሜሞሪውን መጠን ዊንዶውስ ራሱ እንዲወስን መተው ነው። በጨዋታው ውስጥ የምስል ጥራት ከካርዱ አቅም በላይ ከፍ ተደርጎ ከኾነ ደግሞ የሚያልቀው የቪዲዮ ሜሞሪው ነው፤ ጥራቱን ዝቅ ማድረግ ያለ ምንም ወጪ ይፈታዋል።

በቆዩ ኮምፒውተሮች ላይ ሌላም ነገር ያጋጥማል። ባለ 32 ቢት ዊንዶውስ 10 የተጫነበት ኮምፒውተር 8 ወይም 16 ጊጋባይት ራም ቢገጠምለትም ከ4 ጊጋባይት በላይ አይጠቀምም። በዚህ ጊዜ ጉድለቱ ከዕቃው ሳይኾን ከዊንዶውሱ ዓይነት ነው።

መልእክቱ ራሱ ሲያሳስት

የስሕተት መልእክት ችግሩ የታየበትን ቦታ ይናገራል እንጂ የተነሣበትን ቦታ ላይናገር ይችላል። ለዚህ ጥሩ ማሳያ የሚኾነው በ13ኛና 14ኛ ትውልድ የኢንቴል ዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮች ላይ የታየው ችግር ነው። በእነዚህ ፕሮሰሰሮች የሚሠሩ ኮምፒውተሮች ጨዋታ ሲከፈት የቪዲዮ ሜሞሪ አለቀ የሚል መልእክት እያወጡ ይቋረጡ ነበር። ትልቅ የቪዲዮ ሜሞሪ ያለው ውድ ካርድ በተገጠመበት ኮምፒውተር ላይ ጭምር ይኸው መልእክት ይወጣ ነበር። መነሻው ግን ካርዱም ራሙም አልነበረም።

ኢንቴል እ.አ.አ. በሐምሌ 2024 ፕሮሰሰሮቹ ከሚገባቸው በላይ ቮልቴጅ እንደሚጠይቁ አስታወቀ። በነሐሴ 2024 በባዮስ ማደሻ በኩል የሚጫን ማስተካከያ ቀረበ፤ ለችግሩ የተጋለጡ ፕሮሰሰሮች ዋስትናም በሁለት ዓመት ተራዘመ። ማስተካከያው ገና ያልተጎዳውን ይጠብቃል እንጂ አስቀድሞ የተጎዳውን ፕሮሰሰር አያድንም። ስለዚህ ያገለገለ የ13ኛ ወይም የ14ኛ ትውልድ ፕሮሰሰር የሚገዛ ሰው ባዮሱ መታደሱን ብቻ ሳይኾን ፕሮሰሰሩ በከባድ ሥራ ላይ ሳይቋረጥ መቆየቱንም ማየት ይኖርበታል።

በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መቀየር

በአንድ ማሳ ላይ ዘሩም ማዳበሪያውም በአንድ ወቅት ከተቀየሩ የምርቱ ልዩነት ከየትኛው እንደመጣ ለማወቅ ያስቸግራል። የኮምፒውተር ፍተሻም እንዲሁ ነው። ራም፣ ድራይቨርና ባዮስ በአንድ ቀን ከተቀየሩ ችግሩ ቢጠፋ እንኳ ምን እንዳጠፋው አይታወቅም፤ ሲመለስም ፍተሻው ከመጀመሪያው ይጀምራል።

የመጀመሪያው ፍተሻ ወደ ቀድሞው ሁኔታ መመለስ ነው። አዲሱ ዕቃ ወጥቶ ኮምፒውተሩ እንደ ድሮው በሰላም ከሠራ፣ ጥርጣሬው በአዲሱ ዕቃ ወይም ከነባሩ ጋር ባለው አለመጣጣም ላይ ይወድቃል። ነባሩም ከተቋረጠ ግን ችግሩ ቀድሞ የነበረ ወይም በመግጠም ጊዜ የተፈጠረ ሊኾን ይችላል። ማንኛውም ዕቃ ከመውጣቱ በፊት ኮምፒውተሩ መጥፋት፣ ገመዱም ከሶኬት መነቀል አለበት። ዕቃውን ከመንካት በፊትም ቀለም ያልተቀባ የኬዙን ብረት መንካት በሰውነት ላይ ያለው የኤሌክትሪክ ሙል ዕቃውን እንዳይጎዳ ይረዳል።

ራሙን መፈተሽ

ዲዲአር4 እና ዲዲአር5 የተባሉት ራሞች በመልክ ቢመሳሰሉም አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም፤ መሐላቸው ላይ ያለው ክፍተት ቦታው ይለያያል። ራም እምቢ ሲል በጉልበት መግፋት መሰኪያውን ይሰብራል። ትክክለኛው ራም ደግሞ ማያዣው እስኪዘጋ ድረስ ጠልቆ መግባት አለበት። በግማሽ የገባ ራም አንዳንድ ጊዜ ኮምፒውተሩን ያስነሣና ጨዋታ ሲከፈት ያጠፋዋል። አቧራ የያዘ ወይም የደበዘዘ ወርቃማ ጥርስ ካለው በንጹሕ ላጲስ ቀስ ብሎ ማሸት የተለመደ ነው፤ ፍርፋሪው ወደ መሰኪያው እንዳይገባ ግን ጥንቃቄ ያሻል።

አራት መሰኪያ ባላቸው ማዘርቦርዶች ላይ ሁለት ራም የሚሰካው ብዙውን ጊዜ ከፕሮሰሰሩ ወገን ሲቆጠር በሁለተኛውና በአራተኛው ላይ ነው። ትክክለኛው ቦታ በማዘርቦርዱ መመሪያ ላይ ይገኛል። ዲዲአር5 ራም ከተቀየረ በኋላ ኮምፒውተሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲነሣ ስክሪኑ ለደቂቃዎች ጨለማ ሊኾን ይችላል። በዚያ ጊዜ ማዘርቦርዱ ከራሙ ጋር ራሱን እያስማማ ነው፤ ተበላሸ ብሎ ማጥፋት ሥራውን ያቋርጠዋል።

ሁለተኛው ተጠርጣሪ ፍጥነት ነው። 3200 ተብሎ የተሸጠ ዲዲአር4 ራም ሲሰካ በ2133 ወይም በ2400 ሊነሣ ይችላል። ወደተጻፈለት ፍጥነት የሚወጣው ባዮስ ውስጥ ኤክስኤምፒ የተባለው ቅንብር ሲከፈት ነው። የራሙ መደበኛ ቮልቴጅ 1.2 ሲኾን ቅንብሩ ሲከፈት ብዙ ጊዜ ወደ 1.35 ይወጣል። ሁሉም ፕሮሰሰርና ማዘርቦርድ ይህን ፍጥነት አይችልም። ስለዚህ ሌላ ራም ከመግዛት በፊት ቅንብሩን ዘግቶ መሞከር ምንም አያስወጣም። መቋረጡ ከቆመ ራሙ ያልተበላሸ ሊኾን ይችላል፤ በትንሹ ዝቅ ባለ ፍጥነት መሥራት ይችላል።

ሦስተኛው ቅልቅል ነው። በተለያየ ጊዜ የተገዙ ራሞች መጠናቸውና ፍጥነታቸው አንድ ቢኾን እንኳ በውስጣቸው ያለው ቺፕ ሊለያይ ይችላል። የራሞቹ ቁጥር መብዛትም ጫና አለው። ለምሳሌ ኤኤምዲ ለራይዘን 7000 ፕሮሰሰሮች ያስቀመጠው ይፋዊ ፍጥነት በሁለት ራም 5200 ሲኾን በአራት ራም ወደ 3600 ይወርዳል። ከአራት ትናንሽ ይልቅ አብረው የታሸጉ ሁለት ትላልቅ ራሞች የሚመረጡትም ለዚህ ነው።

እነዚህ ከታዩ በኋላ ራሙ በራሱ መፈተሽ አለበት። ዊንዶውስ የራሱ የሜሞሪ መፈተሻ አለው። ይበልጥ ጠንካራ የኾነው ደግሞ ከፍላሽ ላይ የሚነሣውና ነጻ ቅጂ ያለው ሜምቴስት86 ነው። ፍተሻው ሰዓታትን ስለሚወስድ ኤሌክትሪክ በማይቆራረጥበት ጊዜ ወይም በዩፒኤስ ማስኬድ ይመረጣል። መጀመሪያ የፍጥነቱ ቅንብር ተዘግቶ ይፈተሻል። አንድ ስሕተት እንኳ ከታየ ውጤቱ ወደቀ ማለት ነው፤ ጥቂት ነው ተብሎ አይታለፍም።

ስሕተት ከተገኘ ራሞቹ አንድ በአንድ በአንድ መሰኪያ ላይ ይፈተሻሉ። አንዱ ራም በየትኛውም መሰኪያ ላይ ከወደቀ የተበላሸው እሱ ነው። ደኅናው ራም በአንድ መሰኪያ ላይ ብቻ ከወደቀ ግን ጥርጣሬው ወደ ማዘርቦርዱ ወይም ወደ ፕሮሰሰሩ ይዞራል። ፕሮሰሰር ተቀይሮ ከነበረ የታጠፈ ፒን ወይም አንድ ወገኑ የጠበቀ ማቀዝቀዣም ይህን ያስከትላል።

ራሙ ደኅና ከኾነ

ሰማያዊ ስክሪን ሳይታይ፣ መብራት እንደጠፋበት ሁሉ በድንገት የሚጠፋ ኮምፒውተር ፓወር ሰፕላዩ መፈተሽ ይኖርበታል። አርቲኤክስ 3060 ካርድ 170 ዋት ይወስዳል፤ አምራቹም ለእሱ ቢያንስ 550 ዋት ፓወር ሰፕላይ ይመክራል። ቀድሞ ለቢሮ ሥራ የተገዛ ፓወር ሰፕላይ ይህን ላይችል ይችላል። በዊንዶውስ መዝገብ ውስጥ ከርነል ፓወር 41 የሚል ጽሑፍ ቢገኝ ኮምፒውተሩ በሥርዓት ሳይዘጋ መጥፋቱን ብቻ ይናገራል፤ ፓወር ሰፕላዩ መበላሸቱን አያረጋግጥም።

ጨዋታው ብቻ ተዘግቶ ዊንዶውሱ ከቀጠለ የግራፊክስ ካርዱ ድራይቨር አንዱ ተጠርጣሪ ነው። በተለይ ካርዱ ከአንድ አምራች ወደ ሌላ ከተቀየረ የድሮውን ድራይቨር ሙሉ በሙሉ አጥፍቶ አዲሱን መጫን ያስፈልጋል። ከጥቂት ደቂቃ ጨዋታ በኋላ የሚመጣ መቋረጥ ደግሞ የሙቀት ምልክት ሊኾን ስለሚችል ፋኖቹና አቧራው ይታያሉ።

ባዮስ ማደስ ብዙ የራም አለመጣጣምን ይፈታል፤ ነገር ግን በማደሱ መሐል ኤሌክትሪክ ከጠፋ ማዘርቦርዱ ከጥቅም ውጭ ሊኾን ይችላል። ዩፒኤስ በሌለበት ባይሞከር ይሻላል።

ወደ ጥገና ቤት ሲኬድ

"በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም" እንዲሉ፣ የተደረገውን ሁሉ ለባለሙያው መንገር ሥራውን ያቀልለታል። ምን ዕቃ መቼ እንደተገጠመ፣ መቋረጡ በምን ሥራ ላይ እንደሚመጣ፣ ምን ተሞክሮ ምን ውጤት እንደተገኘ በወረቀት መጻፍ፣ የሰማያዊውን ስክሪን ጽሑፍም በስልክ ፎቶ ማንሣት ይጠቅማል። ያገለገለ ራም ወይም ካርድ የሚገዛ ሰውም ክፍያውን ከመፈጸሙ በፊት ለመሞከሪያ የሚበቃ ቀን እንዲሰጠው ከሻጩ ጋር ቢስማማና ስምምነቱን በደረሰኝ ላይ ቢያስጽፍ፣ ዕቃው በፍተሻ ቢወድቅ ለመመለስ ማስረጃ ይኖረዋል።