አባቶች የካቡትን እርከን ባዶ ያስቀረው ተባይ

ዛሬ ስለ ማዳበሪያ አላወራም። በሐሳብ ፖርቱጋል ወስጄ አንዲት የወይን መንደር ላሳያችሁ፤ ታሪኳ ለእኛም ይጠቅማል። ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

መንደሯ ፒንያኦ ትባላለች፤ ዶውሮ ከሚባል ትልቅ ወንዝ ዳር ናት። በባቡር ብትሄዱ ጣቢያው ግድግዳ ላይ የወይን ለቀማ ሥራ በሴራሚክ ተሥሎ ታያላችሁ። ቀና ስትሉ ደግሞ ተራራው ከታች እስከ ላይ እርከን ነው። መሬቱ ገደላማና ድንጋያማ ስለሆነ የድሮ ገበሬዎች ድንጋዩን እየፈለጡ ያለ ሲሚንቶ ካብ ካቡ፣ ከካቡ ኋላ አፈር ሞልተው ወይን ተከሉ። የኮንሶን እርከን ያየ ሰው ድካሙ ይገባዋል። መንግሥትም በ1756 የወይኑን አካባቢ በሕግ ከለለው።

አሁን ልብ በሉ። አንዳንዱ እርከን ላይ ወይን የለም፤ ቁጥቋጦ ወይም የወይራ ዛፍ ነው ያለው። ካቡ ግን እንዳለ አለ። የአገሩ ሰው «ሞርቶሪዮ» ይለዋል፤ የሞተ የወይን ማሳ ነው። ምን ገደለው?

ፊሎክሴራ የሚባል በጣም ትንሽ ተባይ ነው። የክሽክሽ ዘመድ ሲሆን የወይኑን ሥር ይመጣል። ከአሜሪካ ከመጡ የወይን ተክሎች ጋር አውሮፓ ገባ፤ በ1860ዎቹ ፈረንሳይን መታ፣ ብዙም ሳይቆይ ዶውሮ ደረሰ። ገበሬው የደረቀውን ተክል ነቅሎ ቢያይ ምንም አያገኝም፤ ሥሩ ሲሞት ተባዩ ወደ ጎረቤት ተክል ይሻገራልና። በ1868 ፈረንሳይ ውስጥ ተመራማሪዎች ገና ያልደረቀውን ተክል ሥር ሲያዩ ነው ጠላቱ የታወቀው።

መፍትሔውም ከዚያው ከአሜሪካ መጣ። የአሜሪካው ወይን ሥር ተባዩን ይቋቋማል። ስለዚህ ከታች የአሜሪካውን ሥር፣ ከላይ የራሳቸውን ወይን አድርገው አዳቀሉ፤ ልክ እንደምንተክለው የተዳቀለ አቮካዶ። ግን እንደገና መትከል ገንዘብ ይፈልጋል። አቅም ያለው ተከለ፣ ያጣው የአባቱን እርከን ጥሎ ሄደ።

የሩቅ ታሪክ እንዳይመስላችሁ። ነጩ የማንጎ ተባይ እኛ አገር በ2010 ወለጋ ላይ ታየ፤ ዛሬ ስንት ቦታ እንደደረሰ ታውቃላችሁ።

ስለዚህ፦
• ችግኝ ከመግዛታችሁ በፊት ከየት እንደመጣ ጠይቁ፤ ርካሽ ነው ብላችሁ ከመንገድ አትግዙ።
• ቅጠሉን ገልብጣችሁ፣ ሥሩንም እዩ።
• ተክል ሲታመም የሞተውን ብቻ ሳይሆን አጠገቡ ያለውን ጤነኛ የሚመስለውንም መርምሩ።
• ያላወቃችሁትን ነገር ካያችሁ ቶሎ ለልማት ጣቢያ ሠራተኛ ንገሩ።

እርከን ለመሥራት የትውልድ ጉልበት ይፈልጋል፤ ባዶ ለማስቀረት ግን አንድ ያልታየ ችግኝ ይበቃል። ሳይቃጠል በቅጠል!