ካሳ ከፋዩ ማን ነው?

በአገራችን ልጅ ሞቶበት ሌላ የተወለደለት ወላጅ አዲሱን ሕፃን «ካሳ» ብሎ ይጠራዋል፤ አንዳንዱም «ምትኩ» ይላል። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር፣ አንድ ቃል ዕድሜውንም ሐዘኑንም ይዞ ይዞራል እያልኩ ከምጠቅሳቸው ቃላት አንዱ ይኸው ነበር። ፍርድ ቤቱም ኢንሹራንሱም ይህንኑ ቃል ይጠቀሙበታል። የነሱ ካሳ ግን በብር ይቆጠራል።

ድሮ ነፍስ ሲጠፋ ዕዳው ባንድ ሰው ጫንቃ ላይ ብቻ አይቀርም ነበር። በኦሮሞ የጉማ ሥርዓት ካሳውን የገዳይ ጎሳ ያዋጣል። በሱማሌም የደም ካሳ የዘመድ መዋጮ ነው። ሽማግሌ መሀል ይገባል፣ ቂም ይሽራል፣ እርቅ ይወርዳል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ግን ገዳዩም ዘመዱም በታወቁበት አገር ነው።

በ1900 ዓ.ም. ግድም ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ለዐፄ ምኒልክ አውቶሞቢል ይዞ አዲስ አበባ ሲገባ፣ አዲስ ጥያቄም አብሮ ገባ። «በሕግ አምላክ!» ሲሉት የአገሬው ሰው ቀጥ ይላል፤ መኪና ግን ጆሮ የለውም። ሾፌሩ ደሞዝተኛ፣ ባለንብረቱ ሌላ፣ የተገጨው የማይተዋወቁት መንገደኛ። እንግዲህ ማን ይካስ?

በ1952 ዓ.ም. የታወጀው፣ ፈረንሳዊው ፕሮፌሰር ሬኔ ዳቪድ ያረቀቁት የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁርጥ ያለ መልስ ሰጠ። በቁጥር 2081 መሠረት ተጠያቂው ባለመኪናው ነው፤ ያልተፈቀደለት ሰው ነድቶት እንኳ ቢሆን። መኪናው ተሰርቆበት እንደነበር ካስረዳ ግን ይድናል። ለሕሊና ጉዳት ያስቀመጠው ጣሪያ ደግሞ 1 ሺህ ብር ነበር። ሐዘን በ1 ሺህ ብር!

ባለመኪናውስ ከዚያች አሮጌ መኪና በቀር ምንም ባይኖረው? ያን ጊዜ ፍርዱ ወረቀት ሆኖ ይቀራል። ለዚህ መላው መድን ነበር። የግል ኢንሹራንሶች በ1967 ዓ.ም. ተወረሱ፤ በ1968 የኢትዮጵያ መድን ድርጅት ተቋቋመ፤ በ1986 ለግል ባለሀብት እንደገና ተፈቀደ። ባለመኪና ሁሉ የሦስተኛ ወገን መድን እንዲገባ ያስገደደው አዋጅ ቁጥር 559 የወጣው ግን በ2000 ዓ.ም. ነው። ከፍትሐ ብሔር ሕጉ ወዲህ 48 ዓመት መሆኑ ነው። በ2005 የተተካው አዋጅ ቁጥር 799 ለሞት የሚከፈለውን ከ5 ሺህ እስከ 40 ሺህ ብር አድርጎ ደነገገ። ገጭቶ ላመለጠ መኪና ተጎጂም የመድን ፈንድ አቆመ።

እኔ ነገሩን ሳየው፣ ባለመኪናው ሁሉ በየዓመቱ የሚከፍለው አረቦን የጎሳ መዋጮ ነው። የማይተዋወቁ ሰዎች ላንድ ሟች ያዋጣሉ። ደግ ነገር ነው። ጉማው የነበረው እርቅ ግን በአረቦን አልተካተተም፤ ኢንሹራንስ ለቅሶ አይደርስም። ስለዚህ ዛሬም ሽማግሌ ወደ ሐዘን ቤት ይላካል።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ድንኳኑ ሳይነቀል፣ የቀብር ወጪ ያጠራት እናት «ከእንግዲህ ምንም አልጠይቅም» የሚል ወረቀት ላይ ትፈርማለች። ከኢንሹራንሱ ጣሪያ የተረፈውን ጉዳት ከባለንብረቱ መጠየቅ እንደምትችል፣ ለክሱም በመሠረቱ የሁለት ዓመት ጊዜ እንዳላት የነገራት የለም። እርቁስ ይሁን፤ አባቶቻችን ያቆዩልን ነው። ፊርማው ግን ለቅሶው ረገብ እስኪል ይቆይ፤ ወረቀቱንም አስቀድሞ ሕግ አዋቂ ይየው።