ትንሹ ስሙን ያዘ፣ ትልቁ «ሐይቅ» ተባለ

ደሴ መናኸሪያ ረዳቱ «ሐይቅ! ሐይቅ!» እያለ ሲጣራ ውኃ ለማየት የሚሳፈረው ጥቂት ነው። ሰው የሚሄደው 30 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን ወዳለችው የተሁለደሬ ወረዳ ከተማ ነው። ከተማዋ ስሟን ያገኘችው ከጎኗ ካለው ውኃ ነው፤ ውኃው ግን የራሱ ስም ነበረው። ያገሬው ሰው ዛሬም ሎጎ ሐይቅ ይለዋል፤ ከወሎ ውጭ ሎጎን የሚያውቅ ብዙ የለም። ከእሱ በስተ ደቡብ ምሥራቅ፣ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ከፍ ያለ ቦታ ላይ የተኛው ታናሹ አርዲቦ በስሙ እንደ ተጠራ አለ። የአርዲቦ ትርፍ ውኃ በአንከርካ ወንዝ ወርዶ ሎጎ ይገባል፤ ከሎጎ ወዲያ መውጫ የለውም።

ትልቁ ስሙን ያጣው፣ በእኔ ግምት፣ ብዙ ስለ ተጻፈለት ነው። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ አባ ኢየሱስ ሞዐ በደሴቱ ላይ የእስጢፋኖስን ገዳም አቋቋሙ። አቡነ ተክለ ሃይማኖት እዚያ ተማሩ፤ አበምኔቱም «ዐቃቤ ሰዓት» እየተባለ የቤተ መንግሥት ባለሟል ሆነ። «ሐይቅ እስጢፋኖስ» በገድሉም በዜና መዋዕሉም ሲደጋገም ሎጎ ብራና ላይ ሳይወጣ አፍ ላይ ቀረ። እ.ኤ.አ. በ1520ዎቹ ያገራችን እንግዳ የነበረው ፖርቱጋላዊው ቄስ አልቫሬዝም፣ የኢማም አሕመድን ዘመቻ የጻፈው ዐረብ ፈቂህም ገዳሙን የሚያውቁት በውኃ እንደ ተከበበ ነው። ኋላ ውኃው ሸሸ፤ ደሴቱ ከየብስ ገጠመ፤ ዛሬ በእግር ይገባል፣ ለወንድ ብቻ እንጂ።

አርዲቦን እንዲህ የጻፈለት ገዳም የለም። ስሙ በቃል ስለ መጣ አንዱ ካርታ አርዲቦ ሲል ሌላው ሐርዲቦ ይላል፤ የባሰ ጉዳት ግን አልደረሰበትም።

ከ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወዲህ የዙሪያው አገር ስም ተገለበጠ። ቤተ አምሐራ ይባል የነበረው የወሎ ኦሮሞን ስም ወረሰ። ወረባቦ፣ ወረሂመኖ፣ ወረኢሉ እያልን የምንጠራቸው ሁሉ «ወረ» በሚለው የኦሮሞ የወገን መጠሪያ ይጀምራሉ። ሐይቅ በዚህ ሁሉ መሐል ሳይነካ አለፈ፤ ብራናው ጠበቀው።

ወደ ሰሜን ሲዘልቁ አምባሰል ነው። ገዥው «ጃንጥራር» ይባል ነበር፤ የእቴጌ መነን አባት ጃንጥራር አስፋው አንዱ ናቸው። ግሸን ማርያምም እዚሁ ናት። ያም ሆኖ አብዛኛው ሰው አምባሰልን የሚያውቀው ከአራቱ ቅኝቶች አንዱ አድርጎ ነው፤ ወረዳ መሆኑን ሲሰማ የሚገርመው አጋጥሞኛል። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ከጣልያን ጋር የተደረገው ውልም የተፈረመው በዚሁ አገር ይስማ ንጉሥ በምትባል ቦታ ነው፤ ጣልያኖቹ ግን «ኡቻሊ» ብለው መዘገቡት፣ እኛም በትምህርት ቤት የተማርነው ውጫሌን ነው።